«አዲስ መድኃኒት ወጥቷል» ሲባል፤ ስንት ወር? በስንት ጥማድ በሬ?

ፋርማሲዬ ደሴ ውስጥ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ነው። ባለፈው ክረምት፣ ጦሳ ጉም ለብሶ በዋለበት አንድ ቀን፣ ከሐይቅ ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ጎልማሳ ስልካቸውን በመስኮቱ አሾለኩልኝ። «ዶክተር፣ እስቲ ይቺን ተመልከትልኝ።» ዶክተር አይደለሁም፤ ፋርማሲስት ነኝ። ግን እዚህ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ስለሆነ ማረሙን ትቻለሁ። መልእክቱን የላከው ጅዳ ያለ የእህታቸው ልጅ ነው። አባታቸው የቆሽት ካንሰር አለባቸው ተብሏል፤ ጉበትም ደርሷል። ልጁ ኢንተርኔት ሲያገላብጥ ኤርሎቲኒብ የሚባል ክኒን አግኝቶ ልኮላቸዋል። ከስሩ በትልቁ «የሞት አደጋን በ18 በመቶ ይቀንሳል» ይላል።

«አሥራ ስምንት በመቶ ማለት ከመቶ ሰው አሥራ ስምንቱ ይድናል ማለት ነው?» አሉኝ። አፌን ሳልከፍት ደግሞ፣ «በሬዎቹንም ባህር ዛፉንም አስገምቻለሁ» ብለው ጨመሩ።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። 569 የቆሽት ካንሰር ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ሁሉም ጄምሲታቢን የሚባለውን የተለመደ ኬሞ ወሰዱ። ለግማሾቹ በዚያ ላይ ኤርሎቲኒብ ተጨመረ፤ ለግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን። ከዚያ ተቆጠረ። ኬሞ ብቻ የወሰዱትን በኖሩት ዕድሜ ልክ ብንደረድራቸው መሐል ላይ የሚውለው ሰው 5.91 ወር ኖሯል። ኤርሎቲኒብ በተጨመረላቸው በኩል መሐል ላይ የሚውለው 6.24 ወር። ልዩነቱ 0.33 ወር ነው፤ ወደ ቀን ሲመነዘር 10 ቀን።

18 በመቶው ከየት መጣ? ሞት በሁለቱ ወገን የሚሄድበት ፍጥነት ሲነጻጸር የተገኘ ነው። ከደሴ የተነሣ አውቶቡስ ፍጥነቱን በ18 በመቶ ቢቀንስ ዘግይቶ ይደርሳል እንጂ አዲስ አበባ መግባቱ አይቀርም። ለፍትሕ ያህል ሌላውንም ቁጥር ልንገር፦ ዓመት የሞላቸው ኬሞ ብቻ በወሰዱት ወገን ከመቶ 17፣ ኤርሎቲኒብ በተጨመረላቸው ወገን 23 ነበሩ። ስድስት ሰው ስድስት ሰው ነው፤ አልንቅም። ግን ሽፍታውና ተቅማጡ የበዛውም በዚያው ወገን ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለቆሽት ካንሰር የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው መድኃኒት ሐይቅ ሲደርስ «አዲስ» ተብሎ ነው። እኛ ጋ አዲስ ማለት የወጣበት ቀን ሳይሆን የሰማንበት ቀን ነው።

እንግዲህ ስለ አንድ የካንሰር መድኃኒት ሲነገረን በመቶኛ የቀረበውን ትተን «በወር ስንት? ከመቶ ሰው ስንት?» ብሎ መጠየቅ መጀመሪያ ነው። መቶኛ ሁልጊዜ ከምን ላይ እንደተቀነሰ ይደብቃል። ከመቶ ሁለት የነበረው አንድ ሲሆን «በግማሽ ቀነሰ» ይባላል፤ ከመቶ ሰማንያ የነበረው አርባ ሲሆንም «በግማሽ ቀነሰ» ይባላል። ለሁለተኛው እኔም በሬ እሸጣለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፤ የተለካው ምንድን ነው? ብዙ ሰው «መድኃኒቱ ተፈትኖ ሠራ» ሲባል ሕሙማኑ ረዘም ያለ ዕድሜ ኖሩ ማለት ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን የተለካው ዕጢው በሲቲ ስካን ሲታይ ሳያድግ የቆየበት ጊዜ ነው። ይህ የሚመረጠው ስለሚያፈጥን ነው፤ ሰው እስኪሞት ከመጠበቅ ዕጢው እስኪያድግ መጠበቅ ያጥራል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ችግሩ ዕጢው ቆሞ ሰውዬው ላይቆም መቻሉ ነው። ቤቫሲዙማብ እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ለተሰራጨ የጡት ካንሰር በጊዜያዊ ፈቃድ ተለቀቀ፤ መነሻው ዕጢው ሳያድግ ለወራት መቆየቱ ነበር። ቀጥለው የመጡት ጥናቶች ዕድሜ እንደማያረዝም አሳዩ፤ የደም ግፊትና የመድማት ጣጣውም ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2011 ለጡት ካንሰር የተሰጠው ፈቃድ ተነጠቀ። ለሌሎች ካንሰሮች ግን ዛሬም ያገለግላል፤ አንድ መድኃኒት በአንዱ በሽታ ጥሩ፣ በሌላው ከንቱ መሆኑ በዚህ ሙያ የዕለት እንጀራ ነው።

ይህ አንድ ክስተት ብቻ ቢሆን ባላነሣሁት። እ.ኤ.አ. በ2017 የብሪታንያው የሕክምና መጽሔት ያወጣው ጥናት አውሮፓ ከ2009 እስከ 2013 የፈቀደቻቸውን 48 የካንሰር መድኃኒቶች ለ68 ዓይነት አገልግሎት መርምሮ ነበር። ከ68ቱ 39ኙ፣ ማለትም 57 በመቶው፣ ገበያ ሲገቡ ዕድሜ እንደሚያረዝሙም ሆነ ኑሮን እንደሚያሻሽሉ ማስረጃ አልነበራቸውም። ዕድሜ ባረዘሙት በኩል መሐለኛው ጭማሪ 2.7 ወር ነበር። ሌላ ስሌት፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2014 አሜሪካ ለጠጣር ዕጢዎች የፈቀደቻቸውን 71 መድኃኒቶች አይቶ መሐለኛው ጭማሪ 2.1 ወር ነው ብሏል። ይህን የሚያነብ ሰው «ታዲያ ሁሉም ማጭበርበር ነው» ካለ ተሳስቷል። መሐለኛ ቁጥር ከሥሩም ከላዩም ሰው አለው። ከላይ ያሉት ደግሞ በእውነት ተአምር የሚያሰኙ ናቸው።

ኢማቲኒብን እንውሰድ። ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኬሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ከዚህ ክኒን በፊት ለአብዛኛው ሰው የጥቂት ዓመታት ዕዳ ነበር። ኢማቲኒብ እ.ኤ.አ. በ2001 ተፈቀደ፤ በክኒኑ ሕክምና ከጀመሩት መካከል አሥር ዓመት የደፈኑት ከመቶ 83 ናቸው። አገራችንም ውስጥ በነጻ የሚታደልበት መርሃ ግብር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሠራ ቆይቷል፤ ለዚያ ክኒን ወሎዬው ሌሊት ተነሥቶ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ 400 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ይህ መንገድ የሚያዋጣ መንገድ ነው።

ትራስቱዙማብም እንዲሁ። ኸር ቱ የሚባለው ምልክት ያለባቸው የጡት ካንሰሮች ከመቶ ከ15 እስከ 20 ይሆናሉ። ካንሰሩ ሳይሰራጭ ተይዞ፣ ከቀዶ ሕክምናና ከኬሞ ጋር ትራስቱዙማብ ሲጨመር አሥር ዓመት በሕይወት የሚቆዩት ከ75 ወደ 84 ከመቶ ከፍ ብለዋል። ዘጠኝ ሴቶች ከመቶ። ልብ በሉ፤ ይህ «ጥቂት ወር ተጨመረ» ሳይሆን ዘጠኝ እናቶች ቤታቸው ቀሩ ማለት ነው። ምልክቱ የሌለባት ሴት ግን አንድ ሳንቲም የሚያህል ጥቅም አታገኝም። ስለዚህ ከመድኃኒቱ ዋጋ በፊት ከዕጢው የሚወሰደው ናሙና ምርመራ ይቀድማል። ምርመራው ሳይሠራ መድኃኒቱን ፍለጋ የሚሯሯጥ ቤተሰብ በየጊዜው ይገጥመኛል፤ አንጀቴን የሚበላኝም ይኸው ነው።

ኢሚውኖቴራፒ የሚባሉት፣ የሰውነትን በሽታ መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሣሡት መድኃኒቶች ደግሞ ለመሐለኛ ቁጥር አይመቹም። ለተሰራጨ ሜላኖማ፣ ማለትም አደገኛው የቆዳ ካንሰር፣ ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ አንድ ላይ ከተሰጣቸው መካከል አሥር ዓመት የቆዩት ከመቶ 43 ናቸው። ድሮ አብዛኛው ዓመት አይሞላም ነበር። እዚህ ላይ የረዘመው በዕድሜ ልክ ከተደረደሩት መጨረሻ ያለው ጭራ ነው፤ አንዳንዱ ምንም አያገኝ፣ አንዳንዱ ሙሉ ዕድሜ ያገኛል።

እንዲህ የተዘበራረቀውን ነገር በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ የአውሮፓ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ መለኪያ አውጥቷል። ለማዳን ታስበው የሚሰጡ መድኃኒቶች ከኤ እስከ ሲ፣ በሽታውን ለማቆየት የሚሰጡት ከ5 እስከ 1 ይሰጣቸዋል። ኤ እና ቢ፣ 5 እና 4 ካገኘ ጥቅሙ ጉልህ ነው። ዕድሜ ስንት ጨመረ፣ ሥቃይ ቀነሰ ወይስ ጨመረ፣ የተለካው ሞት ነው ወይስ ዕጢ፣ ሁሉም ይገባል። ዋጋ ግን አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎች በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ የካንሰር መድኃኒት ወደ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ለመግባት ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ወር ዕድሜ መጨመር አለበት ብለዋል። ኢማቲኒብና ትራስቱዙማብ በ2015 እዚያ ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ይህን ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሐኪምን «ይህ መድኃኒት በዚህ ሚዛን ስንት አለው?» ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ፔምብሮሊዙማብ የሚባለው መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ በየሦስት ሳምንቱ ለሚሰጠው አንድ መርፌ የተለጠፈበት ዋጋ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ዶላሩን በ130 ብር ብንመታው 1 ሚሊዮን 300 ሺህ ብር፤ ለአንድ መርፌ። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መድኃኒት ዋጋው እሳት ሆኗል፤ ትናንት የነገርኩትን ዋጋ ዛሬ ለመድገም የማፍርበት ጊዜ አለ።

ዋጋ ግን መለያው ላይ ያለው ብቻ አይደለም። እንግሊዞች አንድ ዓመት ሙሉ ጤና ለመግዛት ስንት ቢወጣ ተገቢ ነው ብለው አስልተው፣ ለረጅም ጊዜ ከ20 ሺህ እስከ 30 ሺህ ፓውንድ ድረስ ብለው ሠርተውበታል። ከዚያ ካለፈ መንግሥት ከአምራቹ ጋር ይከራከራል፤ ዋጋ የሚወርደውም በዚያ ክርክር ነው። እኛ ጋ ክርክሩ የሚካሄደው ምድጃ ዳር ነው። የሚከራከሩትም የሕመምተኛው ልጆች ናቸው፤ አምራቹ እዚያ የለም። የሚቆጠረው ደግሞ የአስታማሚው ስንቅ፣ አዲስ አበባ ያለው አልጋ፣ ሳይታረስ የቀረው መሬት፣ ትምህርት ያቋረጠችው ልጅ ነው። ደሴ ላይ ኬሞ ይሰጣል፤ ሆስፒታሉ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ተዘርፎ ዳግም የቆመ መሆኑን ለሚያስታውስ ይህ ራሱ ቀላል አይደለም። ለጨረር ግን አብዛኛው የሚላከው ወደ አዲስ አበባ ነው። ወረፋው ሌላ፣ አልጋው ሌላ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዷ ሐይቅ ያለባት የእኛዋ ተሁለደሬ ነበረች። የሐይቅ ሰው የመድን ደብተር ምን እንደሆነ ከብዙው ኢትዮጵያዊ ቀድሞ ያውቃል። ግን ደብተሩ የሚሠራው መድኃኒቱ ከጤና ተቋሙ መደርደሪያ ላይ ሲገኝ ነው። «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ሲባል ደብተሩ ኪስ ይገባል፤ ቦርሳው ይወጣል። ከዚያ የሚቀረው ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ ነው። ወሎ ውስጥ ቅሬ ለቀብር ቢቋቋምም ሰው ሳይሞት የሚደርስ ቅሬ እየበዛ ነው፤ እኔም ባለሁበት ቅሬ ለታመመ የሚወጣ ገንዘብ አለ። አንድ ጊዜ ለአንድ ጎረቤታችን ስናዋጣ መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም፤ በሰው ሕይወት ላይ ሒሳብ የምሠራ እንዳልመስል ፈርቼ። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ዝምታ ነው።

ወጪ መቀነሻው ሁልጊዜ ልመና አይደለም። አንዳንዴ ጥናት ራሱ ያረክሰዋል። ትራስቱዙማብ ለአንድ ዓመት ነበር የሚሰጠው። እንግሊዝ ውስጥ ከ4 ሺህ በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ የተደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጥናት ስድስት ወሩ ከዓመቱ እንደማያንስ አሳየ፤ ልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ቀነሰ። ግማሽ ወጪ ማለት ነው። ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው አቢራተሮን ደግሞ በባዶ ሆድ 1,000 ሚሊ ግራም የሚዋጥ ነው። ምግብ ሲያገኝ ሰውነት አብዝቶ ስለሚወስደው፣ በ72 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት 250 ሚሊ ግራም ከቁርስ ጋር ተመሳሳይ ውጤት እንደሰጠ አገኘ። ሩቡ መጠን፣ ከእንጀራ ፍርፍር ጋር! ሕንድ ሙምባይ ያለው የታታ መታሰቢያ ሆስፒታል ለራስና አንገት ካንሰር ኒቮሉማብን ከተለመደው መጠን 6 በመቶ ገደማ ብቻ ከኬሞ ጋር ሰጥቶ፣ ዓመት የሚሞሉት ከመቶ 16 የነበሩት 43 ሆኑ። ይህን ያደረጉት ሕሙማኑ ሙሉውን መግዛት እንደማይችሉ ስላወቁ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው አምራቹ ቤት አይገኝም፤ ከደሃ አገር ሐኪም እንጂ። አደራ፣ ይህን አንብቦ ቤቱ ክኒኑን ለአራት የሚከፍል እንዳይኖር፤ ይህ ከሐኪሙ ጋር የሚወሰን ነገር ነው።

በሻንጣ ስለሚመጣው አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከኩዌት ስንት ዘመድ አለን! አንዲት ወጣት እናቷ የምትወጋውን ትራስቱዙማብ በዘመድ እጅ አስመጥታ ልትጠይቀኝ ይዛው መጣች። ብልቃጡ በፌስታል፣ ፌስታሉ በጋቢ ተጠቅልሏል። በረዶ ነበረበት ተብሏል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ውሃ ሆኖ ጋቢውን አርሶታል። ይህ መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት። ከውጭ ሲታይ ምንም አልሆነም፤ ጥርት ያለ ነጭ ዱቄት ነው። መሥራት አለመሥራቱን በዓይን መለየት አይቻልም። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ደረሰኝ የለውም፣ መመለሻ የለውም። ምን ብዬ እንደምነግራት ቃል አጣሁ።

እንግዲህ አዲሱን ስንመዝን ሚዛኑ ሌላኛው ወገን ላይ ምን እንዳለ እንዳንረሳ። ታሞክሲፈን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ አገልግሎት ላይ ያለ ርካሽ ክኒን ነው። በሆርሞን የሚመገብ የጡት ካንሰር ያለባት ሴት አምስት ዓመት ሳታቋርጥ ስትወስደው በካንሰሩ የመሞት ዕድሏን ሲሶ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ሲሶ ከብዙው አዲስ መርፌ ይበልጣል። ግን አምስት ዓመት ረጅም ነው፤ ሁለተኛ ዓመቷ ላይ «አሁንማ ደህና ነኝ» ብላ የምታቆመው ብዙ ናት። ግሸን ማርያም ጸበል የሄደችም፣ ወዳጃ ላይ ዱአ የተደረገላትም ክኒኗን ከጎን ትያዝ እላለሁ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች በነጻ ይሰጣል፤ ሲጀመር ለ14 ዓመት ልጆች ነበር። አገራችን ውስጥ ሴቶችን በብዛት የሚይዙት ሁለቱ ካንሰሮች የጡትና የማኅፀን በር ናቸው፤ አንደኛውን በመርፌ መከልከል፣ ሌላውን በጊዜ ማግኘት ይቻላል። የሚመጡልኝ ማዘዣዎች ግን አብዛኞቹ ደረጃ አራት ላይ፣ ማለትም ካንሰሩ ከተሰራጨ በኋላ፣ የተጻፉ ናቸው።

ወደ ሐይቁ ሰው ልመለስ። ያን ቀን በወረቀት ጀርባ ላይ ጻፍኩላቸው፤ በአንድ በኩል 5.91፣ በሌላው 6.24። «በመካከሉ ያለው አሥር ቀን ነው፤ ለአንዳንዱ ይበዛል፣ ለአንዳንዱ ምንም የለውም። ተቅማጥና ሽፍታ ይጨምራል» አልኳቸው። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። «ሐኪሙ ይህን አልነገረኝም» አሉ፤ ምናልባት ነግሯቸው ይሆናል፤ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ የሚሰማ ነገር ትንሽ ነው። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አባቴ እኮ መድኃኒት አልጠየቀኝም፤ ሌሊት ሆዱን ያዙልኝ ነው የሚለው» አሉኝ።

በሬዎቹ አልተሸጡም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ተመልሰው መጡ፤ በዚህ ጊዜ በእጃቸው የያዙት ስልክ ሳይሆን ለናርኮቲክ መድኃኒት ብቻ የሚውለው ልዩ ማዘዣ ነበር። የሚጠጣ ሞርፊን፤ ኃይለኛው የሕመም ማስታገሻ። ከካንሰር መድኃኒቶች ሁሉ አሮጌው፣ ከርካሾቹም አንዱ። መደርደሪያዬን ዞሬ አየሁት፤ እንደማይኖር እያወቅሁ። ሦስት ቦታ ደወልኩ፤ አራተኛው ጋ ተገኘ። ሒሳቡን ጠየቁና ስነግራቸው በትክክል የሰሙ አልመሰላቸውም፤ ደግመው ጠየቁኝ። ከሐይቅ ደሴ የመጡበት የሚኒባስ ሒሳብ ይበልጠው ነበር።